የዓለም ገናው ውሃ ጠሪ

አክመል ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ገና እጆቹን ለዱዓ እንደዘረጋ፣ ትናንት የተቀበረው ታናሽ ወንድሙ ከውጭ ጮኸ።

«ውሃ መጥቷል! ቢሻን ዱፌ! ረድፍ ያዙ፣ አትጋፉ! ለአንድ ቤት አራት ጀሪካን! በቀለች፣ አንቺንም ይጨምራል!»

የአብዱረዛቅ ድምፅ ነው። ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው የሚመስለው፣ ሳቁን አፍኖ የሚያወራው ያው አብዱረዛቅ። አክመል በሃምሳ ስምንት ዓመቴ አበድኩ ብሎ ዙሪያውን ቢያይ፣ ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ ብሏል። ወንዶቹ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ፣ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሴቶችም ወገባቸውን እያሰሩ ተከተሉ። ቁርአን የሚያነቡት ሸኽ ብቻ ቀሩ፤ የእሳቸውም ዓይን ቢሆን በሩ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አይደንግጡ» አለችው የወንድሙ ሚስት ራህመት፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ። ዓይኖቿ አብጠዋል። «የተቀዳ ነው። ቧንቧው ውሃ ሲያገኝ በራሱ ይጮሃል።»

«የሞተ ሰው ይጮሃል?»

«ሲቀዳው አልሞተም ነበራ!» አለች። ከዚያ በራሷ መልስ ደንግጣ አፏን በሻርፗ ያዘች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አክመል አልለየውም።

ሰፈሩ ውሃ ካየ አስራ አንድ ቀን ሆኖት ነበር። ዓለም ገና ውሃ ሲያሻው በሳምንት፣ ሲያሻው በግማሽ ወር ነው የሚመጣው፤ ያውም ቀኑንም ሰዓቱንም ለማንም ሳይናገር። ድሮ ሴቶቹ ቦኖው ሥር ተራ በተራ እየተቀመጡ ይጠብቁት ነበር። አብዱረዛቅ ይሄ አንገበገበው። የስልክ ጥገና ሱቁን ዘግቶ ለሦስት እሁድ ሲቆፍር ዋለና ሁልጊዜ ክፍት ከሚተወው ቧንቧ ሥር ትንሽ ባልዲ ቀበረ፤ ባልዲው ውስጥ ተንሳፋፊ ኳስ አለ፤ ውሃ ሲገባ ኳሱ ይነሳል፣ ማብሪያውን ይገፋል፣ ባህር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ይናገራል። ባትሪው የአሮጌ ሞተር ሳይክል ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሰፈሩ ግን «ውሃ ጠሪው» ብሎ ስም አወጣለት።

አክመል ይህን ሁሉ አያውቅም። ሱሉልታ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለው፤ መርዶው የደረሰው እዚያው ነው፣ ሰኞ ጠዋት በስልክ። ልቡ ነው አሉት፣ ተኝቶ አልነቃም። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተፋፋመበት ሰሞን ስለነበር የሱሉልታ መውጫ በድንጋይ ተዘግቷል። ቀብር ደግሞ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም። አክመል ሱቁ ደጃፍ ሲንቆራጠጥ ውሎ፣ ወንድሙን ያለ እሱ ቀበሩት። በማግስቱ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በሚኒባስ መጥቶ ፉሪ ሲደርስ ሌላ የድንጋይ ክምር ጠበቀው።

«አባቴ፣ ይመለሱ። መኪናም ሰውም አያልፍም» አለው አንዱ ጎረምሳ።

«ለቅሶ ነው የኔ ልጅ። ዓለም ገና፣ አብዱረዛቅ የሚባል...»

«አብዱ ሽቦ?» ጎረምሳው የያዘውን ድንጋይ ጣለው። «የአብዱ ሽቦ ወንድም ነዎት?»

ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በኦሮምኛ ተጣራ። ድንጋዩን ራሳቸው አነሱለት። አንደኛው በባጃጁ እስከ ድንኳኑ ድረስ ሲያመጣው መንገዱን ሙሉ አፉን አልዘጋም፤ አብዱ ሱቁ ውስጥ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ዋይፋይ ተክሎ፣ ለማትሪክ ተፈታኞቹ በሙሉ መጽሐፍና ያለፉ ዓመታት ፈተና በነፃ ስልካቸው ላይ እንደሞላላቸው አወራለት። አክመል ግማሹ አልገባውም። የገባው ነገር ቢኖር፣ ከእሱ በቀር ሁሉም ሰው ወንድሙን የሚያውቀው መሆኑ ነው።

እና አሁን ያ ድምፅ። ሰዎቹ ከቦኖው ሲመለሱ አክመል ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንድ ነገር ልለምናችሁ ነበር» አለ። «ያን ድምፅ ዝጉልኝ። ለቅሶው እስኪያልቅ አልሰማውም። ሐሙስ ድንኳኑ ሲፈርስ ደግሞ ጭራሽ ወርዶ ይጥፋ።»

ጥግ ላይ የተቀመጠችው ማርቲ ቀና አለች። ከወላይታ መጥታ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና የምትሠራ፣ እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ ከአብዱረዛቅ ጋር ሽቦ ስትበይድ የምትውል የሰላሳ ዓመት ሴት ናት። ማሽኑን ከእሱ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

«ይጥፋ?» አለች፣ የሰማችው እውነት ስላልመሰላት።

«ይጥፋ።»

ማርቲ ራህመትን አየቻት። ራህመት መሬት መሬት ታያለች። ፎቶ ሞልቷታል፤ የባሏን ድምፅ ግን ከዚያ ምሰሶ ላይ በቀር የትም ቀድታ አታውቅም። አብሮ የሚበላና የሚያንኮራፋ ሰው ድምፅ ማን ይቀዳል? ግን ደግሞ ቀብር እንኳ ላልደረሰለት ታላቅ ወንድም እንዴት እንቢ ይባላል? ሐዘንተኛ የጠየቀውን ይነፍጉታል እንዴ?

«ጋሼ ካሉ ይዘጋ» አለች ራህመት ቀስ ብላ።

ማርቲ ወጥታ አንዷን ሽቦ ነቀለች።

አክመል ለምን እንደጠላው ለማንም አልተናገረም። ባለፈው ሐሙስ አብዱረዛቅ ደውሎለት ነበር። «አኩ፣ አንድ ቀን ናና ውሃ ጠሪዬን እይልኝ፤ አሁን እኮ...» ሲል፣ አክመል ፊቱ ደንበኛ ቆሞ ነበርና «ሱቅህን ዘግተህ ውሃ ትጠራለህ እንዴ? ሥራ ላይ ነኝ!» ብሎ ዘጋበት። ከልጅነቱም ሲያቋርጠው ነው የኖረው። አባታቸው ሬድዮውን ተበታትኖ ባገኙት ቀን፣ አብዱ «የባትሪውን...» ብሎ ሲጀምር፣ «ዝም በል!» ያለው አባታቸው ሳይሆን አክመል ነበር። ከ«አሁን እኮ» ቀጥሎ ምን ሊለው እንደነበር ማን ይነግረዋል?

ረቡዕ ለቅሶው ደራ። ለቅሶ ይደራል ወይ እንዳትሉ፤ የአብዱ ሽቦ ለቅሶ ደርቷል። ወሬውን የያዘችው ደግሞ ያቺው በድምፅ ማጉያ ስሟ የሚጠራው በቀለች ናት፤ ምግብ ቤት አላት፣ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልገው አፍም አላት።

«ሽማግሌ ልኬበታለሁ እኮ!» አለች ለአክመል። «ስሜ በሰፈር እየተጠራ መሳቂያ ሆንኩ ብዬ፣ ሦስት ሽማግሌ!»

«ምን አላቸው?»

«'አምስተኛውን ጀሪካን ትተው፣ ስሟን አወጣለሁ' አላቸዋ! እኔ ደግሞ ምግብ ቤት ይዤ በአራት ጀሪካን ምን ላደርግ? ተኳረፍን። ሰባት ወር። መስከረም ላይ ወባ ጣለኝና ተኝቼ፣ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። አራት ጀሪካን ራሱ ተሸክሞ። አራት! 'አምስተኛውስ?' ብለው 'ትኩሳትሽ ወርዷል ማለት ነው' ብሎኝ ሄደ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሸኹ እንኳ ጢማቸውን ይዘው ፊታቸውን አዞሩ። አክመልም ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ሌላው ቀጠለ፣ ሌላው ቀማው፤ እንዲህ ሲሳቅ ሁለት ሰዓት ገደማ ሄደ።

አክመል ለዙሁር ሶላት ዉዱእ ሊያደርግ ወጥቶ ማንቆርቆሪያውን ቢያነሳ ባዶ ነው። በርሜሉም ባዶ። ማክሰኞ የመጣው ውሃ ቶሎ ስለሄደ ሰው አንድ አንድ ጀሪካን ብቻ ነበር የቀዳው። እስቲ ልይ ብሎ ወደ ቦኖው ወረደ። ቦኖው ዙሪያ መሬቱ ጭቃ ሆኗል። ውሃው መንገዱን ተሻግሮ ቦይ ገብቷል፤ ሁለት ፍየሎች አቁሮ ከቀረው ላይ ይጠጣሉ። ክፍት የተተወውን ቧንቧ ነካ አደረገው፤ ተንተፋትፎ አንድ ጭልፋ የማይሞላ ተፋና ዝም አለ።

መጥቶ፣ ፈስሶ፣ ሄዷል። ሰፈሩ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ እሱን ሲያጽናና።

ሲመለስ ፊታቸውን አየ። አውቀዋል። አንዱ ሰውዬ ጭቃ የነካውን ጫማውን ወንበር ሥር ደበቀ።

«ውሃ መጥቶ ነበር?» አለ አክመል።

«ኧረ ትንሽ ናት ጋሼ፣ ምንም አይደል።»

«ደግሞ ይመጣል፣ ምን ችግር አለ!»

«እንዲያውም የሚጠጣ አልነበረም፣ ደፍርሶ ነበር» አለ ጫማ የደበቀው።

ማንም አልወቀሰውም። ሐዘንተኛ አይወቀስም። ይህ ይሉኝታቸው ከስድብ ይልቅ አክመልን አንገበገበው። በቀለች ከንፈሯን ነክሳ፣ ጣሪያ ጣሪያ እያየች ታግላ ታግላ በመጨረሻ አልቻለችም።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈሷል!» ብላ ጮኸች። «ጥርት ያለ ውሃ!»

«በቀለች!» አሏት በአንድ አፍ።

«ምን በቀለች በቀለች ትሉኛላችሁ? ስሜን የሚጠራኝ እሱ ነበር! ሰባት ወር ስሜን አውጣ ብዬ ስጨቀጭቀው ከርሜ... ውሃው መጥቶ እሱ ዝም ሲል... ለእኔ ዛሬ ነው የሞተብኝ!»

ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ራህመት ከመጋረጃው ወጥታ አቀፈቻት። አክመል ቆሞ አያቸው። ከዚያ ማርቲን በእጁ ጠራት።

ማሽኑ ያለው አብዱረዛቅ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ሱቁም ከቤቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ራህመትም በውስጥ በር ገባች። ማርቲ ሽቦውን መልሳ ከማሰሯ በፊት እጇን አቆመች።

«ጋሼ፣ እዚህ ሜሞሪ ላይ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ አይደለም። ሲቀዳ የተበላሹበትም አሉ። አብዱ ምንም ነገር አያጠፋም ነበር። ሃያ ሦስት ናቸው። ላሰማዎት?»

ራህመት ወንበሩን ያዘች። «ሃያ ሦስት?» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትናንት ልነግርሽ ነበር፤ እሳቸው ይጥፋ ሲሉ ፈራሁ።»

አንደኛው ላይ አብዱረዛቅ «ውሃ መጥ...» ብሎ ያስላል። ሦስተኛው ላይ «ማርቲ፣ አታስቂኝ!» ይላል። ሰባተኛው ላይ ከሩቅ የራህመት ድምፅ ይሰማል፤ «እራቱ በረደ፣ አንተ ሰውዬ!» ስትለው፣ እሱ ደግሞ «መጣሁ የኔ ቆንጆ» ብሎ ሳይሄድ ይቀራል። ራህመት ሳቀች። እንባዋ እየወረደ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

አስራ አንደኛው ላይ ድምፁን አጎርንኖ ሌላ ሰው ያስመስላል፤ «'ሱቅህን ዘግተህ ውሃ ትጠራለህ?' ይለኛል አክመል ቢሰማ። ይበለኝ። ታላቄ ነው። አንድ ቀን አምጥቼ እዚህ ምሰሶ ሥር አቆመዋለሁ፣ ያን ጊዜ ሳይወድ በግዱ እስከ መጨረሻው ይሰማኛል።» ከዚያ ይስቃል፤ ረጅም ሳቅ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ሳል የሚለወጥ።

አክመል ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«እሰሪው» አለ ለማርቲ። «ማንም እንዳይነካው። ሌሎቹን ደግሞ ለራህመት ስልኳ ላይ ጫኚላት፣ ሳሉም ሳይቀር።»

ሐሙስ ድንኳኑ ፈረሰ። ዓርብ መንገዱ ተከፈተ፤ አክመል ግን «አልተከፈተም» አለ። ሚኒባሶቹ በበሩ ሲያልፉ እያየ «አልተከፈተም» አለ። ራህመት ለባሏ የአራት ወር ከአስር ቀን ዒዳ ላይ ናት፣ ከቤት አትወጣም፤ ማርቲም በቀለችም ውሃውን እኛ እንቀዳላታለን ቢሉት «እሺ፣ እሺ» እያለ አልሄደም።

ቅዳሜ ከቁርስ በኋላ ሰፈሩ ተናወጠ።

«ውሃ መጥቷል! ቢሻን ዱፌ!»

አክመል ኮቱን እንደለበሰ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ወጣ። ቦኖው ጋ ሲደርስ ረድፉ እስከ ባጃጅ ማቆሚያው ተዘርግቷል። ሰዎቹ አይተውት መንገድ ለቀቁ። በቀለች ከፊት ሆና እጇን አወዛወዘች።

«ጋሽ አክመል፣ ይቅደሙ! ሐዘንተኛ ናቸው፣ አሳልፏቸው!»

አክመል ቀና ብሎ ምሰሶውን አየ።

«ረድፍ ተብሏል» አለ።

ወደ ኋላ ሄዶ ከመጨረሻዋ ሴት ቀጥሎ ጀሪካኖቹን አስቀመጠ። ማሽኑ መልእክቱን ሦስት ጊዜ ነው የሚደጋግመው። አክመል ሦስቱንም ጊዜ እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ፣ ከዚያም ረድፉ ሲንቀሳቀስ ጀሪካኖቹን በእግሩ ትንሽ ወደፊት ገፋ አደረጋቸው።