የሙሽሪት መኪና አበባ

ወርቅቱ በአበባዋ ከመጣችሁባት ዘመድ አታውቅም። ጊንጪ ውስጥ የሙሽራ መኪና ላይ የሚታሰረው፣ ከአዳራሽ ጣሪያ የሚንጠለጠለው፣ የኬክ ጠረጴዛ የሚከበው የክሬፕ ወረቀት አበባ ሁሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ከአዲስ አበባ የፕላስቲክ አበባ የሚያመጡትን ሰዎች «እሱን እኮ ፍየልም አትበላው» እያለች ትስቅባቸዋለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ኤቢሳንና ሴናን ያሳደገችውም በዚሁ ወረቀት ነው።

የክሬፕ ወረቀት ጠባይ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ተቆርጦ የወጣው እያንዳንዱ ቅጠል በሁለት አውራ ጣት መሐል ተይዞ ቀስ ተብሎ ይለጠጣል። ያኔ ሆዱ ጎድጎድ ይልና ጫፉ ይርገበገባል፤ አበባ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው። አንዴ ተለጥጦ ከተጨፈለቀ ግን አለቀለት፤ ብትነፉት፣ ብታባብሉት አይመለስም።

በዚያ አካባቢ የሙሽራ መኪና አበባ ሳይታሰርበት መንገድ መሄድ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ማንም አዋጅ አላወጣም፤ ሰው ራሱ ከደረሰበት ተማረ። ከአምቦ ወዲያ ታጣቂዎች መኪና እያስቆሙ ሰው ይዘው ጫካ ይገባሉ። የማን ታጣቂ እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም፤ ቢጠይቅም ደፍሮ የሚመልስለት የለም። ያጌጠ መኪና ደግሞ «ገንዘብ ያለው ዘመድ አለኝ፣ ኑ ውሰዱኝ» ብሎ እንደ መጮህ ነው። ስለዚህ አበባው በማዳበሪያ ተከቶ ይጫንና ሙሽራው ከተማው መግቢያ ላይ ሲደርስ ይታሰራል። ወርቅቱም የሰው ልጆችን አበባ ማዳበሪያ ውስጥ ስትጠቀጥቅ ሁለት ዓመት ኖረች። «ግድ የለም፣ ሲያወጡት ያምራል» ትላቸዋለች። ውሸቷን ነው። ስንቷ ሙሽራ የተጨማደደ ወረቀት አስራ ከአማቶቿ ደጅ ደርሳለች።

የገዛ ልጇ ተራ ሲደርስ ግን አሻፈረኝ አለች።

ሴና የጤና ባለሙያ ናት። ከአምቦ ወዲያ ሸነን ከተማ ተመድባ ስትሠራ ሮቤራን ተዋወቀች፤ ጥር ላይም ሮቤራ ከነሚዜዎቹ ሊወስዳት ጊንጪ መጣ። ወርቅቱ ለዚያች ቀን ገና ከመስቀል ጀምራ ቀይና ነጭ ጽጌረዳ ስትሠራ ከርማለች። በሠርጉ ጠዋት ዘማሪዎቹ ግቢው ውስጥ ሲዘምሩ እሷ የሙሽሮቹ መኪና ኮፈኖ ላይ ተደፍታ በቀጭን ሽቦ አበባ ታስራለች። ኤቢሳ ሲያያት ደሙ ፈላ። የሴና ታላቅ ነው፤ መምህር ነው፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ለቤቱ ማሰብ የእሱ ሥራ ሆኗል።

«አዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» አለ እናቱን።

«ልጄን እየዳርኩ ነዋ።»

«ማዳበሪያው የታለ? ሸነን ስንገባ እኔ ራሴ አስርልሻለሁ።»

«አንተ? በዚህ እንደ ዶማ በሚከብድ እጅህ?»

ሰው ሳቀ። ኤቢሳ አልሳቀም።

«ባለፈው ሳምንት የሆነውን ሰምተሻል። እዚያው እኛ የምናልፍበት መንገድ ላይ ነው።»

«ያ የነጋዴ መኪና ነው። ሙሽራ ማን ይነካል? እነሱስ ቢሆኑ እናት የላቸውም?»

«አደ ወርቅቱ፣ እኔም ባይታሰር ይሻለኛል» አለ ሹፌሩ ጋሮማ ቀስ ብሎ።

«አንተ መሪህን ያዝ!»

«እንግዲህ የሚመጣውን አንቺ ቻዪው!» አለ ኤቢሳ ጮክ ብሎ። እናቱ ላይ ሲጮህ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዘማሪዎቹ እንኳ መዝሙራቸውን አቋረጡ። ሴና የእናቷን ፊት አየች። ያ ፊት ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም። «ተዋት በቃ፣» አለች ወንድሟን፣ «ለዛሬ ብቻ።»

በወጉ እናት ደጇ ላይ ትቀራለች፤ ሙሽሪትን የሚሸኛት ወንድም ነው። ኤቢሳ በተከራያት ቪትዝ የእህቱን ሻንጣና ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያው ጠቅጥቆ፣ ለብቻው፣ ከሙሽሮቹ መኪና ኋላ ተከተለ። «ነጋቲ! ነጋቲ!» እያሉ ሸኟቸው። ወርቅቱ ቀዩ አበባ ኩርባው ላይ እስኪሰወር ቆማ አየችው። እውነቱን ለመናገር ያን ሰዓት ከልጇ ይልቅ አበባዋን ነበር የምታየው።

እንግዳው ምሳ እየበላ ሳለ ጎረቤቷ ጉዴ ከመናኸሪያ መጣች። ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወርቅቱን ወደ ጓዳ ሳበቻት።

«ልጆቹ ደወሉ?»

«ገና ናቸው። ምነው?»

«ከአምቦ ወዲያ መኪና የለም ነው የሚሉት። የሄዱትም ከመንገድ እየተመለሱ ነው። ለምን እንደሆነ የሚናገር ሰው ግን አጣሁ።»

ወርቅቱ ስልኳን አነሳች። የሴና ስልክ አይጠራም። የኤቢሳም አይጠራም። ደግማ ደጋግማ ሞከረች። እንግዶቹ «ሙያሽ ይባረክ፣ ምን ዓይነት አበባ ነው!» ሲሏት ጆሮዋን መድፈን አማራት። ቀዩን የመረጠችው ከሩቅ እንዲታይላት ብላ ነው። ማንም አላስገደዳትም፤ ሁሉም ለምኗት ነበር። ፈራች፤ ከፍርሃቷም በላይ በራሷ አፈረች።

በስንት መከራ የጋሮማ ስልክ ሠራ።

«ጋሮማ! አበባውን ፍታው! አሁኑኑ ቁምና ፍታው! ገደል ክተተው!»

«እሺ አደ፣ እሺ፣ እየፈታ...» መስመሩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈችው ወርቅቱም አታውቀው። እንግዳ አሰናበተች፣ ሳህን አጠበች፣ ያጠበችውን መልሳ አጠበች። ጉዴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትጸልይላት ነበር። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ዘንበል ስትል ስልኳ ጮኸ።

«አዮ፣ ደረስን!» አለች ሴና። ከኋላዋ ከበሮና ዘፈን ይሰማል።

ወርቅቱ እልልታውን ለቀቀችው። ጉዴም ተቀበለቻት፤ ከደጅ ያሉት ሴቶችም ሰምተው እልል አሉ። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል።

«አበባውን ፈታችሁት አይደል? ተመስገን! ጣላችሁት?»

«አልጣልነውም። ጋሮማ ሊወረውረው ሲል ኤቢሳ ከኋላ ወርዶ ቀማው። ‹ጠዋት አስቀይሜያታለሁ፣ የአዮን እጅ ጫካ ውስጥ አልጥልም› አለ። የእሱ መኪና ደግሞ ውስጡ በዕቃ ስለተሞላ ቦታ የለም፤ ቢጠቀጠቅ ይጨፈለቃል። ‹ሙሽራ የሌለበትን መኪና ማን ይፈልገዋል› ብሎ የራሱ ኮፈኖ ላይ አሰረው።»

«ስጪኝ እሱን» አለች ወርቅቱ።

«ገና አልደረሰም። ከኋላችን ነበር፤ አቧራው ውስጥ ጠፋብን። አሁን ይመጣል አዮ።»

ወርቅቱ ስልኩን ዘጋችና የኤቢሳን ቁጥር ነካች። ቀኑን ሙሉ እንቢ ያላት ስልክ አሁን ጠራ። ሁለቴ ጠርቶ ተነሳ።

«ኤቢሳ! ልጄ! የት ደረስክ? አበባውን ፍታው!»

የሰው እስትንፋስ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ራቅ ብሎም ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማል። ከዚያ የማታውቀው ወንድ ድምፅ፣ እንደ ጎረቤት ረጋ ብሎ፣ ጠየቃት።

«የሙሽሪት እናት ነሽ?»