የአበባው ሰሞን ሕግ

የጨርቅ ነጋዴው የሸኩር ልጅ ዘሀራ ሆለታ ሄዳ የንብ እርባታ ተምራ መጣች ሲባል የጅማ ሰው መጀመሪያ የሳቀው በአባትየው ነው። «ሸኩር፣ ሰው ልጁን ሐኪም ያደርጋል፤ አንተ የንብ እረኛ አደረግካት?» ይሉት ነበር ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆመው። ሸኩር ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ «ንብ አላህ ያነጋገራት ፍጥረት ናት። ለየትኛው ሐኪም ነው እንዲህ ያለ ክብር የተሰጠው?» ብሎ ይመልስላቸዋል። አፉ እንዲህ ይበል እንጂ ማታ ማታ ልጁን ሲያያት ሆዱ ይባባ ነበር። ሴት ልጅ ብቻዋን ገጠር ለገጠር መዞሯን እያሰበ።

ዘሀራ የተመደበችው ከአጋሮ ወዲያ ባለ የቡና ወረዳ ነበር። የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወልደሰማያት ይባላሉ፤ ከመንዝ መጥተው ቡና አገር ያረጁ፣ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ዘመኑ የዘመቻ ዘመን ነው። ማይምነት በዘመቻ፣ ዛፍ ተከላ በዘመቻ፣ የቡና ተባይም በዘመቻ። ወልደሰማያትም ከላይ የመጣውን ወደ ታች ያወርዳሉ፣ ከታች የመጣውን ግን ሁልጊዜ ወደ ላይ አይልኩም። እንዲህ ሆነው ነው ወንበራቸው ላይ የቆዩት።

የዘሀራ ሥራ አዲሱን የሣጥን ቀፎ ለገበሬው ማስተማር ነበር። ሥራው ደህና ይዞላት ሳለ፣ በሁለተኛ ዓመቷ የካቲት ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ቁና ታቅፈው ቢሮዋ ገቡ። አባ አብዱልፈታሕ ናቸው፤ የቡልቡሎ ቀበሌ ነባር ንብ አናቢ፣ ቀፏቸውን ረጃጅም የዋንዛና የገተማ ዛፎች ላይ የሚሰቅሉ። ቁናውን ጠረጴዛዋ ላይ ደፉት። የሞተ ንብ ነበር። እፍኝ ሁለት እፍኝ አይደለም፤ ጠረጴዛውን ሞልቶ ወደ መሬት ፈሰሰ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልጆቼን ምን ነካቸው?» አሉ።

ዘሀራ አንዷን አንስታ አየቻት። ምላሷ ወጥቷል፣ እግሯ ላይ የቡና አበባ ብናኝ እንደተሸከመች ነው የሞተችው። ያን ሳምንት ቡናው በአንድ ዝናብ ፈክቶ፣ አገሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ንቡም አበባው ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ የዘመቻው ረጪዎች ፓምፕ አዝለው የቡናውን ጭማቂ የሚመጥ ነፍሳት እንገድላለን ብለው መርዙን አዝንበውበት ነበር።

«መድኃኒቱ ነው፣ አባ» አለች። «ከእኛው መጋዘን የወጣው መድኃኒት ነው የገደላቸው።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቁናቸውን አራገፉና፣ «እውነቱን ስለነገርሽኝ ገላቶሚ» ብለው ሄዱ። ያ ምስጋና ከስድብ ይልቅ ተሰማት።

ወልደሰማያት ይህን ሰምተው አስጠሯት። በሩን ራሳቸው ዘጉ። «ልጄ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለገበሬ አይነገርም። ነገ ዘመቻውን አንቀበልም ቢል ተጠያቂው ማነው?»

«ጋሼ፣ እኔ ርጭት ይቅር አላልኩም። አበባው ይርገፍና ይረጭ ነው የምለው። ለንቡም ለቡናውም የሚሆን መመሪያ እንጻፍ።»

«መመሪያ ከላይ ይመጣል እንጂ ከእኛ አይወጣም።»

ዘሀራ ከዚያ ክፍል ወጣች። ከላይ ካልመጣ ከታች ይጀመር ብላ በማግስቱ ቡልቡሎ ወረደች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቲጃኒ ይባላል፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ንብ ከሩቅ ሲያይ የሚሸሽ ሰው። አንዲት ንብ ከነደፈችው ፊቱ ሁሉ ያብጥ ነበርና ሰው ይቀልድበታል። ዘሀራ ነገሩን ስታስረዳው ግን አልቀለደም።

«ንብ እኔን አትወደኝም» አላት፣ «ቡናዬን ግን ትወዳለች። አበባዬ ላይ ስትሠራ የኖረች ጎረቤቴ ናት። ሸንጎ እጠራለሁ፤ አንቺ መጥተሽ ንገሪያቸው።»

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በሌለበት ቀን ሁሉ ተሰበሰቡ። ዘሀራ በአማርኛ ታረቅቃለች፣ ያንኑ በኦሮምኛ ታነብላቸዋለች፣ እነሱም ይከራከሩበታል። ደንቡ አጭር ነበር። ቡና አበባ ላይ ሳለ ማንም አይረጭም። ከረገፈ በኋላም ሲረጭ ንብ ወደ ቀፎው ከገባ ወዲያ ወደ ማታ ይሁን። ባለቀፎዎች አስቀድሞ ይነገራቸው። የመርጫው ዕቃ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ።

«ተባዩስ? አበባው እስኪረግፍ ቁጭ ብለን እንየው?» ብሎ የጠየቀ ነበረ።

«እንለቅመዋለን» አለች ዘሀራ። «ጧት በብርዱ ፈዞ ነው የሚያረፍደው። አንሶላ ከሥሩ አንጥፋችሁ ዛፉን ብትነቀንቁት ይረግፋል።»

ሳቁ። ግን እጃቸውን አወጡ፤ ደንቡ ጸደቀ፤ ቲጃኒም የማኅበሩን ማኅተም መታበት።

የካቲት ዳግም መጣ። ቡልቡሎ ነጭ ሆነች። ሽታው ከመንገድ ይቀበል ነበር፤ ጫካው በንብ ድምፅ ይጮኻል። በዚያ መሀል ነው የዘመቻው መኪና ፓምፕና በርሜል ጭኖ ኮረብታውን የወጣው። አስተባባሪው ጎሳዬ የሚባል ካኪ የለበሰ ጎልማሳ ነው። ዘሀራና ወልደሰማያት በቢሮው ላንድሮቨር ተከትለው ሲደርሱ፣ ቲጃኒ መንገዱ መሀል ቆሞ፣ ከኋላው ቀበሌው ሁሉ ወጥቶ አገኟቸው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ መንገድ ልቀቅ» ይላል ጎሳዬ።

«ጓድ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ቤት ግባ፣ ብላ፣ ጠጣ። መርጨቱን ግን አበባው ሲረግፍ ተመለስና እኔው ራሴ ፓምፑን አዝልልሃለሁ። ሸንጎአችን የወሰነው ይህን ነው።»

«የቀበሌ ሸንጎ የአብዮቱን ዕቅድ ይሽራል? ይህ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ፀረ አብዮት ይባላል። በዚያ ዘመን ያ ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ሰው ከቤቱ ይወስዳል። ዘሀራ ወደ ፊት ወጣች።

«ጓድ ጎሳዬ» አለች፣ «ዕቅዱ የሚለው ተባይ ይጥፋ አይደል? መጀመሪያ ተባይ መኖሩን እንይ። አንተው ምረጥ፣ አንተው ነቅንቅ። ባዶ ከሆነ ለባዶ መድኃኒት አታባክን።»

ጎሳዬ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቸኮለ ሰው ነበር። «እሺ፣ እንይ» አለ።

አንሶላ መጣ። ጎሳዬ ከመንገዱ በላይ ያለ ቡና መርጦ በሁለት እጁ ነቀነቀው። አበባ ብቻ ዘነበ። ወደ ሌላው ሄደ፤ አሁንም አበባ፣ አንድ ሁለት ዥንጉርጉር ነፍሳት። ሦስተኛውም እንደዚያው። ከሕዝቡ መሀል እልልታ ሊወጣ ምንም አልቀረውም።

ዘሀራ ግን ያን ወረዳ በእግሯ ታውቀዋለች። ከወንዙ ዳር ባለው ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ሥር የቲጃኒ የራሱ ማሳ አለ፤ ባለፈው ሳምንት አይታዋለች። ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም። መኪናው ይመለሳል፣ ነገሩ ያልቃል።

«አንድ ቦታ ቀርቷል» አለች። «ወንዙ ዳር እንሂድ።»

ቲጃኒ ፊቱ ጠቆረ። አንዲት ሴት በኦሮምኛ፣ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ስትል ሰማች። ወረዱ። ጎሳዬ ነቀነቀ፤ አንሶላው በነፍሳት ተንቀሳቀሰ።

«አየህ፣ እዚህ አለ» አለች ዘሀራ። «ያለበትን አልደብቅህም። ይህን ማሳ ነገ ጧት ማኅበሩ በሙሉ ወጥቶ ይለቅመዋል። አበባው ከረገፈ በኋላ የቀረ ካለ ይህንኑ ማሳ ብቻ ትረጨዋለህ። የምነግርህን ታምነኝ ዘንድ ነው ያሳየሁህ።»

ጎሳዬ ጎንበስ ብሎ አንሶላውን አየው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «አምኜሻለሁ። ግን እኔ ባዶ እጄን ብመለስ ለበላዮቼ ምን እላለሁ? በማን ትእዛዝ ነው የቆመው ሲሉኝ?»

ይህን ጊዜ ነው ከኋላ ቆመው የነበሩት ወልደሰማያት ጉሮሯቸውን የጠረጉት። «በእኔ ትእዛዝ» አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። ኃላፊው ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው በመኪናው አፍንጫ ላይ ጎንበስ ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ። «ወረዳው የቡልቡሎን ደንብ ተቀብሎ ሥራ ላይ አውሏል በል። ስሜንም ጥቀስ፤ ወልደሰማያት ብለህ በደንብ ጻፈው።»

ዘሀራ እኚያን ሰው እንደዚያ ቀጥ ብለው ቆመው አይታቸው አታውቅም።

በማግስቱ ጧት የቡልቡሎ ሰው አንሶላውን፣ ጋቢውን፣ ያረጀ ጆንያውን ይዞ ወንዙ ዳር ወረደ። ነቀነቁ፣ ለቀሙ፣ በፈላ ውሃ ጨረሱት። ቲጃኒም ራሱን በሻሽ ጠቅልሎ፣ ዓይኑ ብቻ እየታየ፣ በንቡ መሀል ይሠራ ነበር። ሁለት ቦታ ተነደፈ፤ ፊቱም እንደተለመደው አበጠ። ያን ቀን ግን ማንም አልቀለደበትም፤ ሴቶቹ ቅቤ ቀቡት።

አበባው ሲረግፍ ጎሳዬ ቃሉን ጠብቆ መጣ፤ ወደ ማታ፣ ንቡ ከገባ በኋላ፣ የቀረችውን ጥግ ረጭቶ ሄደ። በግንቦት አባ አብዱልፈታሕ ማር ቆረጡ። ከብዙ ዘመን ወዲህ እንዲህ ያለ ነጭ ማር አላየሁም አሉ። ቡናውም አልጎደለም። የጎረቤት ቀበሌዎች ነገሩን ለመስማት ሽማግሌ ላኩ፣ ደንቡንም ወሰዱ። ከዚያ ወረዳው በሙሉ፣ ከዚያ አውራጃው። ወልደሰማያት ቀድሞ የማይልኩትን ወደ ላይ መላክ ለምደው ነበር።

ደንቡ በጸደቀ በሦስተኛው ዓመት የክፍለ ሀገሩ የእርሻ ስብሰባ ጅማ ላይ ሲጠራ፣ የአበባ ሰሞን የርጭት መመሪያ ለከፋ ክፍለ ሀገር በሙሉ እንዲሆን ቀረበ። አቅራቢዋ ዘሀራ ነበረች። በአማርኛ አነበበችው፤ ከየገበሬ ማኅበሩ የመጡት እንዲሰሙት ብላ በኦሮምኛ ደገመችው። ኦሮምኛውን ስትጀምር ከኋላ ያሉት ሊቃነ መናብርት ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ እንግዳ እጃቸውን አወጡ።

«ጥሩ መመሪያ ነው። ከየትኛው አገር ልምድ ነው የተወሰደው?»

ዘሀራ አፏን ሳትከፍት ቲጃኒ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ከቡልቡሎ ነው፣ ጓድ» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መመሪያውም አለፈ።

ሸኩር ያን ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ የማንም ዘመድ ነኝ ሳይል፣ በር ጠባቂውን ለምኖ ከኋላ ቆሞ ነበር። ልጁ ስትወጣ ጠበቃት። «ድምፅሽ ከኋላም ይሰማል፣ ማሻአላህ» ብቻ አላት። ከዚያ ወዲህ ግን ካኪ ሊገዛም ሆነ አቡጀዲ ሊገዛ ወደ ሱቁ የገባ ገበሬ በቀላሉ አይወጣም። ሸኩር ጨርቁን ለክቶ፣ ቀድዶ፣ አጣጥፎ ከሰጠው በኋላ እጁን ይይዘውና፣ «ቡናህ አበባ ላይ ነው? እንግዲያው እንዳትረጭ፤ ሕግ አለ። ሕጉን ያወጣችው ደግሞ ማን እንደሆነች ታውቃለህ?» እያለ ሌላ ወሬ ይጀምራል።