የእማማ አስካል አፍ መፍቻ

«አፍ መፍቻዎ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ቅቅል ቦዬ ነዋ! ከጓሮዬ የምቆፍረውን ሥር አንድ ቁራሽ ቀምሼ ነው ፍየሎቼን የምፈታው። ምነው ልጄ፣ ራበሽ እንዴ?»

ደጃፉ ላይ የቆመው ኤርጎ በሳቅ ፈረሰ። ሩሐማ ግን አፍራ አቀረቀረች። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ ስትጠብቅ ነበር ለዘጠና ዘጠኙ የሕዝብ ቆጠራ ተመልምላ፣ ከጂንካ ወደዚህች መንገድ ዳር የተኮለኮለች ትንሽ ከተማ የመጣችው። ሥልጠናው ላይ «አፍ መፍቻ ማለት ሰው በሕፃንነቱ መጀመሪያ የተናገረበት ቋንቋ ነው» ተብላለች። ቃሉ የቁርስ ጥያቄ መስሎ ሊሰማ እንደሚችል ግን የነገራት የለም።

ኤርጎን መንገድ መሪ አድርጎ የሰጣት ቀበሌው ነው። የሰፈሩ ልጅ ነው፤ የአገሬውን አሪኛም አማርኛውንም እንደ ውኃ ይጠጣዋል፣ የበና ቋንቋም ለገበያ ቀን ያህል ይሞክራል። ከፊት ከፊቷ እየሄደ ውሻ ያባርርላታል፤ እሷ የቤቱን ቁጥር ስትነግረው በጠመኔ በሩ ላይ ይጽፋል። ሥራው ይኸው ነበር። ይሁንና ከጠዋት ጀምሮ ከአንዳንዱ ቁጥር ሥር መስመር ያሰምር ነበር። የእጁ ልማድ መስሏት አለፈችው። ቅድም ወደ እማማ አስካል ቤት ሲያቀኑ ግን ጭቃ የዋጠውን ጫማዋን ልታወጣ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል፣ ያለፏቸውን በሮች ባንድነት አየቻቸው። የልብስ ሰፊው በር፣ የወፍጮ ቤቱ፣ የመሪጌታው። መስመር ያለባቸው «አማርኛ» ብለው የመለሱት ብቻ ነበሩ።

«መስመሩ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ለራሴ ነው። አንቺ ልብ አትበይው።»

ልብ ላለማለት አልቻለችም። ሰሞኑን ሻይ ቤት የሚወራው ቆጠራው ሲያልቅ ከመንገዱ ወዲህ ያለው ቦታ «ለባለቤቶቹ» ይመለሳል እየተባለ ነበር። ባለቤት የሆነውንና ያልሆነውን የሚለየው ቋንቋው ነው ይላሉ። ወሬ ነው፤ ግን ወሬውን ሰምቶ የሳቀ ሰው አላየችም። የእማማ አስካል አባት ከሰሜን የመጡ ሰው ነበሩ። እሳቸው ግን ከዚህች ቤትና ከፍየሎቻቸው በቀር ሌላ አገር አያውቁም።

«እማማ፣ የምትጠይቅዎ መጀመሪያ የተናገሩበትን ቋንቋ ነው» አለ ኤርጎ ሳቁን ዋጥ አድርጎ። ወደ ሩሐማም ዞረና፣ «አማርኛ ብለሽ ጻፊ፤ የታወቀ ነው» አላት።

እማማ አስካል ትኩር ብለው አዩት። «ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አንቱ ያልከኝ?»

«ያው… ለአክብሮት ነዋ።»

«‹አስካልዬ ቦዬ ስጪኝ› እያልክ ቀሚሴ ላይ ተንጠልጥለህ ያደግህ ልጅ! አክብሮቱ ዛሬ መጣብህ?» ወደ ሩሐማ ዞሩ። «ጻፊ ልጄ። እናቴ እኔን እንደወለደች አራስ ቤት ሞተች። ያጠባችኝ የዚህ ልጅ አያት ናት። ካባቱ ጋር አንድ ጡት ተሻምተን ነው ያደግነው። አፌን የፈታሁት በአሪኛ ነው። አማርኛውንማ አባቴ ኋላ በአለንጋ ነው ያስገቡልኝ።» ሳቁ። ኤርጎ አልሳቀም።

ሩሐማ «አሪኛ» ብላ ጻፈች። እውነቱም ደንቡም ይኸው ስለነበር ቅልል አላት።

ሲወጡ ኤርጎ ቁጥሩን በሩ ላይ ጻፈ። ከዚያም ሳይቸኩል መስመሩን አሰመረ።

«አሪኛ ነው ያሉት እኮ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ…»

«ወተት ዘር አይሆንም፣ እህቴ።»

ሩሐማ በሕይወቷ ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም። መዳፏን ዘርግታ መስመሩን አበሰችው። ኤርጎ አልተቆጣም። ጠመኔውን በጣቶቹ መሐል እያሽከረከረ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቃት።

«የአንቺስ አፍ መፍቻ ምን ነበር፣ ሩሐማ?»

እናቷ አሪ ናት፤ አባቷ የጎንደር ሰው ልጅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ በየቤቱ ስትጠይቅ የዋለችው ጥያቄ ነበር፤ መልሱ ግን አልወጣ አላት። ኤርጎ መስመሩን እንደገና አሰመረ፤ አሁን ወፈር አድርጎ።

እማማ አስካል በሩ ውስጥ ቆመው ሁሉንም ያዩ ነበር። «ተዪው፣ ልጄ» አሉ። «መንግሥት የተለወጠ ጊዜም ሰው ከቤቱ ማባረሩ እንዲሁ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ይጠይቁሻል፤ ቀጥሎ አንቱ ይሉሻል።»

አመሻሹ ላይ ሩሐማ ወደ ተከራየችው ክፍል ስትመለስ በሯ ላይ የጠመኔ መስመር አገኘች። ቁጥር አልነበረውም፤ መስመር ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት የቀሩትን ቤቶች ለሌላ ቆጣሪ አስረክባ ወደ ጂንካ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ገባች። እማማ አስካል ቀድመዋት የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ፍየሎቻቸው ጣሪያው ላይ ታስረዋል።