ገለታን ያልረሳው ሰርቨር

የሞተ ሰው በቀብሩ ማግስት ሥራ ገብቶ መድኃኒት ሲያወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኡርጂ አይታለች። ነቀምቴ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል የመድኃኒት አወጣጡን የሚቆጣጠረውን የጃቫ ሰርቨር የምታስተዳድረው እሷ ናት። ሰርቨሩ ሠራተኛ ሲገባ ስሙንና የይለፍ ቃሉን አዲስ አበባ ካለው ዋና መሥሪያ ቤት ያጣራል፤ አንዴ ካጣራ በኋላ መልሱን ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማስታወሻ ይይዘዋል። ኡርጂ የማስታወሻውን ዕድሜ ግማሽ ሰዓት አድርጋው ነበር። የኢንተርኔት መስመሩ ደጋግሞ ሲቋረጥ ሥራ አስኪያጁ ዶክተር ጃራ «ወር አድርጊው» አሏት። አደረገችው። በሽተኛ በር ላይ እያቃሰተ ሙግት አይገባም።

ብዙ ሳይቆይ የፋርማሲው ኃላፊ ገለታ በኩላሊት ሕመም ሞተና ነቀምቴ አጠገብ ጉቴ ተቀበረ። በዚያው ሳምንት መስመሩ ጨርሶ ጠፋ። አዲሷን ፋርማሲስት ኬኔን ሰርቨሩ አያውቃትም፤ የሚያጣራበትም መንገድ የለውም። ሞርፊን ለማውጣት የሚፈቀድለት ስም አንድ ብቻ ቀረ፦ የሟቹ።

«የሱን ብቻ ከካሹ ላጥፋው» አለች ኡርጂ።

«ከዚያ ማን ያወጣል? አንቺ?» አሉ ዶክተር ጃራ። «ሰርቨሩ እንደሆነ ለቅሶ አልደረሰ። ዲሲ፣ ተይው።» በኦሮምኛም በአማርኛም ከለከሏት።

ተወችው፤ በሟቹ ስም ሞርፊን ይወጣ ጀመር። መስመሩ ሲመለስ ሞርፊን ጎድሎ ተገኘ። ኮሚቴ ተቀመጠና ውሳኔውን ሰሌዳ ላይ ለጠፈ፦ ጥፋተኛው የይለፍ ቃሉን ለሌላ አሳልፎ የሰጠው ገለታ ነው። ሟች አይከራከርም፤ ጥፋት ባለቤት ሲያጣ ሟች የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ሚስቱ ዓባይነሽ ከል እንደለበሰች ኡርጂ ቢሮ መጣች።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ዓባይነሽ?» ኡርጂ ደኅንነቷን ጠየቀቻት።

«ምን ደኅና አለ፤ ባሌን ሌባ ብለው ለጥፈውታል።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «የይለፍ ቃሉን የተቀበሉት እኮ ዶክተሩ ናቸው፤ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው። ‹ለበሽተኞቹ ስትል› አሉት። እሱን ቀና አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። እኔ ብናገር የሐዘንተኛ ወሬ ይሉኛል። አንቺ ማሽኑን ታውቂዋለሽ።»

ኡርጂ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈተች። የካሹን ዕድሜ ያረዘመው የራሷ እጅ ነው፤ አፏን ከከፈተች መጀመሪያ የምትጠየቀው እሷ ናት። በገለታ ስም ማን እንደገባም ከማሽኑ ማወቅ አትችልም፤ ማሽኑ የሚያውቀው ገለታን ብቻ ነው። የሚያውቁት የይለፍ ቃሉን የተቀባበሉት ሰዎች ናቸው።

በማግሥቱ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ዓባይነሽን ይዛ ገባች።

«እንግዳ አልጠራንም» አሉ ዶክተር ጃራ።

«ገለታም ኮሚቴው ፊት አልተጠራም፤ ተፈርዶበታል ግን።» ኡርጂ አልተቀመጠችም። «ካሹን ወር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ቅጣቴን እቀበላለሁ። ያዘዙኝ ግን እርስዎ ነዎት። ስሙን ላጥፋ ስል የከለከሉኝም እርስዎ። ሞርፊኑ የወጣው ከቀብሩ በኋላ ነው፤ ቀኑን ሰርቨሩ ይዞታል፤ እናንተ ስትለጥፉ ቀኑን ተዋችሁት። የይለፍ ቃሉን ከሕመም አልጋው ላይ ተቀብለው ለማን ሰጡት?»

ኬኔ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተከለች።

«ቢሮ እንነጋገራለን» አሉ ዶክተር ጃራ።

«ቢሮ አንነጋገርም። የሰው ስም ያጠፋችሁት በአደባባይ ነው። እዚሁ፣ በሚስቱና በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይመልሱ፤ በገለታ ስም የገባው ማን ነው?»