ሰላሆም በሕማማት ወደቀች

ገብረ ሕይወት ሚስቱ በሰው ብትማግጥበት ኖሮ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፤ ዱላው ከበሩ ጀርባ ቆሟል። አልታየች ግን የማገጠችው በሀገር ነው። ሀገሪቱ ሰላሆም ትባላለች። ከአንኮበር በየትኛው በኩል እንደምትገኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ምክንያቱም የለችም።

የፈጠራት ዘርአ ዳዊት ነው። ይህ ላጤ ደብረ ሲና ላይ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ከርሞ፣ በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ሲመለስ፣ ይዞት የመጣው አንድ ካፖርትና ይህችን ከተማ ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት እሑድ እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰንበቴው ቤት ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ ተረት የሚያወራው ገብረ ሕይወት ነበር። ከአባቱ የወረሰው የጅብና የቀበሮ ተረት ነው፤ ማኅበርተኛው መጨረሻውን ቢያውቀውም ለወጉ ይስቅለት ነበር። ዘርአ ዳዊት አፉን ከከፈተ ወዲህ ግን የሚስቅለት ጠፋ። «ገብሬ፣ እስቲ ጋኑን አዘንብልልን» ብቻ ሆነ ነገሩ።

በዘርአ ዳዊት ተረት ሰላሆምን አርጳክ የሚባል ንጉሥ ከቧታል። ከወንጭፍና ከቀስት በቀር ከውጭ የሚገባላት ነገር የለም። ዘንባባው ደግሞ ያለው ከቅጥሩ ውጭ፣ በጠላት ሰፈር ነው። ስለዚህ በሆሳዕና ዋዜማ የአርጳክ ወታደሮች ዘንባባ ይቆርጡና በቅጥሩ ላይ ይወረውሩላቸዋል፤ በማግስቱ ሕዝቡ የዘንባባ ቀለበቱን አጥልቆ ያስቀድሳል። ሰኞ መወጋጋቱ ይቀጥላል።

«የተራበ ሰው ደግሞ ምን ጾም አለው?» አለ አንዱ ማኅበርተኛ።

«ጾምማ ያለውን መተው ነው» አለ ዘርአ ዳዊት። «ስለዚህ እያንዳንዱ የቀረችውን ቁራሽ ፊቱ ያስቀምጣል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እያያት ይቆያል።»

ሴቶቹ ከንፈር መጠጡ። አልታየች ግን አልመጠጠችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፈዝዛ ቀረች። ገብረ ሕይወት ይህን አየ። ካገባት ወዲህ እሱን እንደዚያ አይታው አታውቅም።

ቤት ሲገቡም ወሬውን አልተወችውም። «ያ ሕዝብ ዛሬ ምን ቀምሶ ይሆን?»

«እኔስ ምን ቀመስሁ?»

«አንተማ ቤትህ ነህ። ማን ከበበህ?»

የሆሳዕና ዕለት ዘርአ ዳዊት ጣርማ በር ላይ ብርድ መትቶት ድምፁ ተዘግቶ መጣ። ማኅበርተኛው አማራጭ ሲያጣ፣ «ገብሬ፣ እስቲ አንተ ቀጥልልን» አለ። ገብረ ሕይወት ጋኑን አስቀመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የአርጳክ ሰዎች ከቅጥሩ ሥር ጉድጓድ ሲምሱ ከርመው ነበር። በሕማማቱ ማክሰኞ ገቡ። ሕፃን ሽማግሌ ሳይሉ እልፍ አእላፍ ሕዝብ ፈጁ። አንድ ነፍስ አልተረፈም። አለቀ።»

ዘርአ ዳዊት ተነሥቶ ሊጮህ ሞከረ፤ ከጉሮሮው የወጣው እንደ ወናፍ ያለ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ገብረ ሕይወት ተረት ማውራት እንደዚያ ጣፍጦት አያውቅም። አሮጊቷ እማማ ወለተሐና ተናገሩ።

«በሕማማት ነው ያልከው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ማን ይፍታቸው?»

በሕማማት ለሞተ ፍትሐት አይደረስም። ለዚህ ነው በሆሳዕና፣ ቅዳሴው ሲያልቅ፣ በሳምንቱ ሊሞት ለሚችል ሁሉ አስቀድሞ የሚፈታው። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያን ዕለት ጠዋት በቁሙ ተፈትቶ ነው ጠላውን የያዘው። የሰላሆም ቄስ ግን ባለፈው እሑድ ተረት ላይ በቀስት ሞተዋል። ይህን ደግሞ የማያስታውስ አልነበረም፤ ከገብረ ሕይወት በቀር።

አልታየች ተነሣች። «ምን አስቸኮለህ?» አለችው በሰው ፊት። «እስከ ፋሲካ መቆየት አቃተህ?»

በዚያ ሳምንት ማንም ማንንም አይስምም፣ አይጨብጥም፤ ሥርዓቱ ነው። ጎረቤቶቹ የአልታየችን ኩርፊያ ለሕማማቱ ሰጥተው አለፉት። ገብረ ሕይወት ግን የትኛው ዝምታ የቤተ ክርስቲያን፣ የትኛው የራሱ እንደሆነ አልጠፋውም።

ዓርብ ከስግደቱ በኋላ የነፍስ አባቱ አባ ወልደተንሣኤ ወይራቸውን ይዘው በተቀመጡበት ተንበረከከ።

«አባ፣ ቀናሁ።»

«እሱንማ ሰዉ ሁሉ ነግሮኛል። ሰላሆም ውስጥ ስንት ነፍስ ነበር?»

«አባ፣ ተረት እኮ ነው!»

«ተረት መሆኑን አላጣሁትም። ባለቤትህ ሳምንቱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የሰነበተችው። እንባዋም ተረት ነው?»

ገብረ ሕይወት አሰበ። «ትንሽ ከተማ ናት፣ አባ።»

«እሑድ ዕለት ሰንበቴ ቤት እልፍ አእላፍ ስትል ሰምቼሃለሁ» አሉና ጀርባውን በወይራው ቸብ ቸብ አድርገው ስግደቱን ጨመሩበት። ለእልፍ የሚመጥን ነበር።

ሲጨርስ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ወደ ዘርአ ዳዊት ደጃፍ እንጂ። ሰላምታ የለም፤ ሕማማት ነው።

«ከዚያስ?» አለው።

ዘርአ ዳዊት አንገቱ ላይ ሻሽ ጠምጥሟል። «ከተማዬን አጥፍተህ ከዚያስ ትለኛለህ?»

«ሚስቴ ቤቴ ውስጥ ሐዘን ተቀምጣለች። የተረቱን መውጫ አንተ ታውቀዋለህ፤ ስጠኝና እኔ ልንገራት። አንተ እንዳትነግራት።»

«ምን አውቄ?» አለ በሻከረ ድምፁ። «እኔ ያመጣሁት ቅጥሩንና ከበባውን ነው። ዘንባባው ውጭ ከሆነ እንዴት ያከብራሉ ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ወታደሮቹ ቢወረውሩላቸውስ ያለችውም እሷ። የቁራሿም ነገር የሷ ነው፤ እኔ ድምፅ ብቻ ነኝ።»

«የት አግኝታህ ነው የጠየቀችህ?»

«ሰንበቴ ቤት ነዋ! ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አንተ ስታዘነብል!»

ገብረ ሕይወት መንገዱን ሁሉ ይህን ሲያላምጥ ሄደ። እሱን አንድ ቀን እንኳ «ቢሆንስ» ብላው አታውቅም። እሱስ የጅቡን ተረት ሲያወራ ፋታ ሰጥቷት ያውቃል?

አልታየች ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። ሆዱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ለማለት ከጅሎ፣ የወጣው ሌላ ሆነ።

«እኔ ገደልኋቸው፤ ማዳኑን ግን አላውቅበትም። አንቺስ?»

ቀና ብላ አየችው። ትክ ብላ አየችው። «በመጀመሪያ ነገር» አለች፣ «ማክሰኞ ዕለት እዚያ አልነበሩም።»

«የት ሄደው?»

ነገረችው። ስትነግረው እጆቿ ቅጥር ይሠራሉ፣ በር ይከፍታሉ። የስግደቱን ድካም ረሳ። ከዘርአ ዳዊት ትበልጣለች፤ ከእሱ መብለጧማ አያነጋግርም። መሐል ላይ ግን ለዳግማይ ትንሣኤ ያ ሁሉ ማኅበርተኛ አፉን ከፍቶ ሲያያት ታየው።

«ይህን ሰንበቴ ቤት እንዳታወሪው» አላት።

«ለምን?»

ገብረ ሕይወት ምድጃው ላይ እንጨት ጨመረ።

«እንግዲያ ዝም ብለህ ስማ» አለችው። ዝም ብሎ ሰማ።