የገና ዓሣ

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ስድስት ዓመት ቤይሩት ሰው ቤት ስሠራ፣ በር ቆልፌ ሦስት ጊዜ ተመልሼ የምገፋ፣ ምድጃ አጥፍቼ መልሼ የምነካ ነበርኩ። እማዬ ሐምሌ ላይ ስታርፍ ወደ ሐይቅ ከተማ የተመለስኩት ቤቷን ልይዝ ነው። ከቤቱ ጋር ገናዋንም መረከቤን ያወቅኩት ታኅሣሥ ሲገባ ነው።

እኛ ቤት ገና ሁለት ድስት ነው። አንዱ የኛ፣ ወንድሜ ይመር የሚያርደው ዶሮ። ሌላው ጎረቤታችን ሼህ ሙሐመድሁሴን ራሳቸው «ቢስሚላህ» ብለው አርደው ከቤተሰባቸው ጋር የሚበሉት። እነሱ ክርስቲያን ያረደውን አይበሉም፣ እኛም እስላም ያረደውን አንበላም። ገናን ግን እነሱ ከሌሉ በልተን አናውቅም፤ እነሱም ዒድን ያለኛ። እማዬ ድስቶቹን አንድ ዓይነት አድርጋ ነው የገዛቻቸው፤ ለማንም እንዳታዳላ ይመስለኛል። ምልክቷ የነሱ ድስት ክዳን ላይ የምታስረው የጤና አዳም ዘለላ ብቻ ነበር፤ እኔም እንደሷ አደረግኩ።

አንድ ሌላ ልማድም ነበራት። በገና ማዕድ ላይ የተጠበሰ ዓሣ ካላስቀመጠች አትቀመጥም። አርባ ሦስት ቀን ጾመን፣ የዶሮው ሽታ አፍንጫችንን እየቆረጠው፣ ዓሣ! ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ዓሣ ምን ብርቅ ነው? ከይመር ጋር እንስቅባት ነበር። ዘንድሮ ዓሣውን አስቀረሁት።

የዋዜማው ዕለት ከሰዓት በኋላ መብራት ስለጠፋ በሁለት የከሰል ምድጃ እሠራ ነበር። ዶሮዎቹን ይመር ከውጫሌ ገበያ ነው ያመጣቸው፤ ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም አውራ። አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ብልት ሆነው ቁሌቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ የወለደቻቸው ዶሮም አትለያቸውም። አንደኛው ምድጃ እሳቱ በረታና ድስቱ ማረር ጀመረ። ደንግጬ ሁለቱንም ክዳን አነሳሁ፣ አማሰልኩ፣ ድስቶቹን አዛወርኩ፣ ከደንኩ።

ከዚያ ሉብናን ጠራኋት። ሉብና የሼህ ሙሐመድሁሴን ልጅ፣ አብሮ አደጌ ናት። እኔ ጾመኛ ስለሆንኩ የዶሮ ወጥ ጨው መቅመስ አልችልም። ለእማዬ ትቀምስላት የነበረችው የሉብና እናት፣ እትዬ ዙለይሃ ናት። አሁን ተራው የኛ ሆኖ ነው።

«አንችዬ፣ ነይ እስቲ ጨዉን እይልኝ።»

ጤና አዳም ካለበት ድስት በጭልፋ ቀድቼ መዳፏ ላይ ጠብ አደረግኩላት። ላሰችው።

«ጨው ያንሰዋል። ቁሌቱ ግን የእናትሽ ነው፣ ወላሂ!» አለችና ዓይኗ እንባ አቅርሮ ወጣች።

ጨው ልጨምር ክዳኑን ሳነሳ እጄ እዚያው ቀረ። ድስቶቹን አዛውሬአለሁ። ክዳኖቹንስ? ጤና አዳሙ ቅድም የነበረው በበሩ በኩል ነው ወይስ በጓሮው በኩል? የከደንኩት ካዛወርኩ በኋላ ነው ወይስ በፊት? ድስቶቹን አየሁ፣ ክዳኖቹን አየሁ፣ መሬቱ ላይ የቀረውን የክዳን እርጥብ ክብ ሳይቀር አየሁ። ምንም አላስታወስኩም።

ሉብና ያን ጠብታ ስትልስ ደጋግሞ ታየኝ። ከአባቷ ቤት ወጥታ አምናኝ የመጣች ልጅ፣ በእድሜዋ ያልነካችውን በገዛ እጄ አቅምሻት ይሆን? ነገ ደግሞ ሼህ ሙሐመድሁሴን! እኒህ ሰው ከእማዬ ቤት በቀር የማንም ክርስቲያን ቤት ሥጋ ቀርቦላቸው እጃቸውን ዘርግተው አያውቁም። ዘመኑም እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰው ለመቀያየም ሰበብ አያጣም። እማዬ አርባ ዓመት የያዘችውን እኔ በመጀመሪያው ገናዬ ልሰብረው ነው ብዬ ፈራሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለይመር እንቁላል ጠበስኩለት። የኛ የትኛው እንደሆነ ካላወቅኩ ለሱስ ምን ላቅርብለት?

«በገና እንቁላል?» አለ።

ነገርኩት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ መቼ በር ዘግተሽ የዘጋሽ መስሎሽ ያውቃል? ይሄም እንደዚያው ነው። ጤና አዳም ያለበትን አቅርቢላቸው። ማን ያውቃል?»

«ከተሳሳትኩስ?»

«ማንም አያውቅም አልኩሽ እኮ።»

እውነቴን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሰበብ አገኘሁ። እኔ ፈሪ ነኝ፣ ፈሪ ደግሞ የሌለውንም ያያል፤ ስለዚህ ምንም አልተፈጠረም። ይህን እያልኩ ቀጤማውን ጎዘጎዝኩ፣ ብርዙን ቀዳሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ሼሁ፣ እትዬ ዙለይሃና ሉብና መጡ። ሼህ ሙሐመድሁሴን መርቀው፣ እማዬ ሁልጊዜ የምታስቀምጣቸው ቦታ ተቀመጡ። ጤና አዳም ያለበትን ድስት አቀረብኩ፣ ጭልፋውን አነሳሁ።

ሼሁ ማዕዱን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ዓሣው የታል?»

ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያወቁብኝ መሰለኝ። «አባባ፣ አይብሉት!» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘከዘክኩት፤ ምድጃውን፣ ክዳኑን፣ ሉብና የላሰችውን፣ ዝም ልል እንደነበርም።

ይመር መሬት መሬት ያያል። እትዬ ዙለይሃ «ያ ረቢ» ብላ አፏን ያዘች። ሉብና ተነስታ ወጣች። ጓሮ ጀሪካኑ ሲንዶቀዶቅ፣ አፏን ስትጉመጠመጥ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። አለቀ አልኩ በልቤ፣ ይህ ቤት ከዛሬ ወዲያ አንድ ድስት ብቻ ነው የሚጥደው።

«አብሽሪ፣ ተቀመጭ» አሉ ሼሁ። «እናትሽ የዓሣውን ነገር አልነገረችሽም?»

«የቱን ነገር?»

«ይመር ጡት ሳይጥል፣ አንድ ገና ድስቱ ተምታታባት። አሁን አንች የቆምሽበት ቆማ ነገረችን። ከአንች ብሳ ነበር የምትንቀጠቀጠው፤ ወጡን ከነጭልፋው እግሬ ላይ ነው የጣለችው። አባትሽ ሮጦ ከሐይቁ ዓሣ አመጣ። ዓሣ አራጅ አይፈልግም፣ ሁላችንም በላነ። ከዚያ ወዲህ በየገናው ዓሣ ታስቀምጥልኛለች። እኔም ዓሣውን ሳየው፣ ይች ሴት አትደብቀኝም እልና ዶሮውን ሳልጠይቅ እበላለሁ። ዛሬ ባጣው ነው የጠየቅኩሽ።»

አለቀስኩ። እማዬ እንደኔ ፈሪ መሆኗን እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ይመር ሁለቱን ድስቶች በሐዘን አየና «ሁለት ዶሮ!» ብሎ ባጃጅ ሊጠራ ወጣ።

ሉብና ፊቷ እንደረጠበ ተመለሰች። አታየኝም።

«ሉብናዬ...»

«ሳላውቅ የቀመስኩትን አላህ ያውቀዋል። ያመመኝ እሱ አይደለም። ቤታችን እኮ አጥሩ ሥር ነው! ሌሊቱን ሙሉ ብቻሽን ስትፈሪ፣ እኔን ምን ብታስቢኝ ነው?»

ይመር ዓሣውን ይዞ ሲደርስ እጅጌዋን ሰብስባ ቢላውን ወሰደችብኝ። ቅርፊቱን ፋቀች፣ ዘልዝላ ጠበሰች። ከዚያ አንዱን ቁራሽ በእንጀራ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ።

«እንቺ፣ ጾሙ አልቋል። ዛሬ ጨዉን አንች ቅመሽ።»

ተቀብዬ ቀመስኩ።

«ያንሰዋል» አልኩ።

ጨዉን አነሳችና፣ እሷ ሳትቀምስ ጨመረችበት።