ከወንዙ ማዶ የነበሩት ታካሚ

ሎርና ስቲድሃም ስትሮክ ምላሳቸውን ያሰረባቸውን ሰዎች በኮምፒውተር እያየች ንግግር የምታለማምድ ባለሙያ ናት። የሥራ ፈቃዷ ግን የአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ብቻ ነው። የድንበሩን ወንዝ የተሻገረ ታካሚ ሌላ ግዛት፣ ኬንታኪ ገባ ማለት ነው፤ እዚያ ያለን ሰው ካከመች ያለ ፈቃድ እንደሠራች ይቆጠርባታል። ስለዚህ ሥራ ስትጀምር ሁሌም ደንቡ የሚያዘውን ትጠይቃለች።

«አባባ ዴልበርት፣ ዛሬ የት ነዎት?»

«ቤቴ። ወጥ ቤት ነኝ።»

ሽማግሌው ዴልበርት ካውዲል ለዚህች መልስ ብዙ ላብ አፍስሰዋል። ያስጠናቻቸው ራሷ ናት፤ መጠየቋ ካልቀረ ልምምድም ትሁናቸው ብላ። አሁን ከአፋቸው እንደ ውሃ ትወርዳለች።

ያን ጠዋትም እንዲሁ መለሱና አዩዋት። «አለቃ... ፀጉርሽ... ዶሮ።»

«እርስዎ ደግሞ ፀጉር አለኝ ብለው ነው?»

ሳቁ። ሳቃቸው ግን በፊታቸው አንድ ወገን ብቻ ቀረ። ጉንጫቸው ወረደ፤ የያዙት ሲኒ ተንሸራቶ ወደቀ።

ሎርና ስክሪኑን ሳትዘጋ ለአደጋ ጥሪ ደውላ አድራሻቸውን ሰጠች። የአምቡላንስ ሰዎቹ ፈጥነው ደረሱ፤ ጥሪውን የተቀበለችው ሴት ግን፣ «በሩ ተቆልፏል እህቴ፤ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም» አለቻት።

ሰውየው ስክሪኑ ውስጥ፣ ፊት ለፊቷ ወንበር ላይ አዘንብለው ይተነፍሳሉ። «አባባ፣ የት ነው ያሉት? እባክዎ?»

«ቤቴ... ወጥ ቤት...»

በሌላኛው ስልኳ ልጃቸውን ጆሊንን ፈለገቻት። ጆሊን የምትሠራው ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ነው፤ ከስንት ጥሪ በኋላ አነሳች። «እኔ ጋ ነው እንጂ፣ ኬንታኪ! ቤቱ ቧንቧ ፈንድቶበት እሑድ አመጣሁት። አልነገረሽም?»

ሎርና አዲሱን አድራሻ ስትናገር ጥሪው ወደ ኬንታኪ ተላለፈ። እዚያ ያለው ሰውዬ በእርጋታ ጠየቃት፤ «ሲጀምራቸው ያየ ሰው አለ? ሐኪሞቹ የጀመረበትን ሰዓት ካላወቁ የረጋ ደም የሚያሟሟውን መድኃኒት አይሰጡም። እርስዎስ ማን ነዎት?»

ንግግሩ ይቀዳል፤ ታውቃለች። ጎረቤት ነኝ ብላ ብትዋሽ ከዚህ ከኦሃዮ ሆና በምን ዓይኗ አየች? ፈቃዷን ከተቀማች ሌላ ሙያ የላትም። ስክሪኑ ላይ የሽማግሌው እጅ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ነበር።

«ሎርና ስቲድሃም እባላለሁ፤ የንግግር ባለሙያ ነኝ» አለች። «ከኦሃዮ ሆኜ እያለማመድኳቸው ነበር። ፊታቸው ሲወርድ አይቻለሁ፤ ዛሬ ጠዋት፣ ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።»

«ያሉበትን አልጠየቁም?»

«ጠይቄያለሁ። መልሱን ግን ያስጠናኋቸው እኔው ነኝ።»

የአምቡላንሱ ጩኸት በስክሪኑ ውስጥ እስኪሰማ ድረስ ስማቸውን እየጠራች ቆየች። ጓንት ያደረጉ እጆች መጥተው ሲያነሷቸው፣ በባዶው ወንበር ፊት ብቻዋን ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ጆሊን ከሆስፒታል ደወለች። «መድኃኒቱ ደርሶለታል። ዓይኑን ገልጦ ኮምፒውተሩን ይፈልጋል፤ አንቺን መሆኑ ነው። ነገ ብቅ ትይለት የለ?»

«እዚያ እስካሉ ድረስ አልችልም፣ የኔ እናት። የኬንታኪ ባለሙያ እፈልግላቸዋለሁ።»

«ሌላ ሰው እኮ እሺ አይልም። ይፈራል።»

«እኔም ፈርቻለሁ» አለቻት ሎርና። ስልኩን እንደዘጋች የሆነውን ራሷ ልታስታውቅ ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደወለች።